በሣር ያደገ ሥጋና በእህል የደለበ ሥጋ፦ ልዩነቱ ያለው ጮማው ላይ ነው

ባለፈው እሑድ የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ፎቶ ላከችልኝ። ሱፐርማርኬት ውስጥ ቆማ ያነሳችው ነው። ሁለት እሽግ የተፈጨ የበሬ ሥጋ ጎን ለጎን ተቀምጧል። አንደኛው ላይ አረንጓዴ መስክ ተሥሏል፤ «በሣር ያደገ» ይላል። ሌላኛው ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ ዋጋው ግን ቀለል ያለ ነው። «ጋሼ፣ የቱን ልውሰድ? ይሄ ሣር የበላው እኮ ዋጋው እሳት ነው» ብላለች።

በየቤተሰቡ ስለ ምግብ እያነበበ ሰው የሚያሰለች አንድ ሰው አይጠፋም። በእኛ ቤት እሱ እኔ ነኝ። ቸኩዬ ስለነበር «ርካሹን ውሰጂና በተረፈሽ ተልባ ግዢ» ብዬ መለስኩላት። የሳቅ ምልክት ላከችልኝ። ቀልድ መስሏታል። የምሬን ነበር፤ ሳይብራራ ሲቀር ግን ቀልድ እንደሚመስል ገባኝ። እስቲ ረጋ ብዬ ላስረዳ።

ስሙ ራሱ ትንሽ ያሳስታል። «በሣር ያደገ» እና «በእህል የደለበ» ሲባል አንዱ በሬ ዕድሜውን ሙሉ ሣር፣ ሌላው ዕድሜውን ሙሉ በቆሎ የበላ ይመስላል። አሜሪካ ውስጥ ጥጃ ሁሉ ማለት ይቻላል ኑሮውን የሚጀምረው ከእናቱ ጋር መስክ ላይ ነው። ወተት ይጠባል፣ ሣር ይግጣል። መንገዱ የሚለያየው ኋላ ላይ ነው። አብዛኛው ወደ ማደለቢያ ይገባል። እዚያ ለ4፣ ለ5፣ ለ6 ወር ያህል በቆሎ የበዛበት መኖ ይቀርብለታል። ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው ይታረዳል። በሣር የሚጨርሰው ደግሞ እዚያው መስክ ላይ ይቀጥላል። ቀስ ብሎ ስለሚፋፋ ብዙ ጊዜ 2 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ዋጋው ከሚወደድባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ወራት በተጨመሩ ቁጥር መሬቱም፣ ጠባቂውም፣ ወጪውም ይጨምራል።

እንግዲህ መጠየቅ ያለበት የመጨረሻዎቹ ወራት ጉዳይ ነው። በሬው ያኔ ምን በላ?

መልሱን ለመረዳት ወደ ጨጓራው መግባት ግድ ነው። የበሬ ጨጓራ አጥቦ የሚያውቅ ሰው ስፋቱን አይረሳውም። የአንድ ትልቅ በሬ ጨጓራ ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ አንዲት ጠብታው እንኳ በቢሊዮን የሚቆጠር ባክቴሪያ የሚርመሰመስባት ናት። ሣሩን የሚያብላሉት እነሱ ናቸው። በሬው እያመነዠከ ያግዛቸዋል እንጂ ብቻውን ሣር መፍጨት አይችልም።

ሣር ውስጥ ስብ አለ ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ አይደለም። አለ ግን። ቅጠል የፀሐይን ብርሃን የሚይዝበት ክፍል በስስ የስብ ሽፋን የተሠራ ነው። ከዚያ ስብ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ የሚባለው የኦሜጋ 3 ዓይነት ነው፤ ኦሜጋ 3 ማለት ለልብ ጥሩ ነው እየተባለ ስሙ የሚነሳው ቅባት ነው። የበቆሎ ፍሬ ስብ ደግሞ በአብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ እሱ ከኦሜጋ 6 ወገን ነው። የሰው ሰውነት ሁለቱንም በራሱ መሥራት አይችልም። ከምግብ ማግኘት አለበት።

ታዲያ ሣር የበላ በሬ ሥጋው በኦሜጋ 3 መሞላት ነበረበት። ባክቴሪያዎቹ ግን አይፈቅዱም። እንዲህ ያለ የሚፈስ ቅባት ሲበዛባቸው ይጎዳቸዋል። ስለዚህ ሃይድሮጅን እየጨመሩበት ወደሚረጋ ስብ ይለውጡታል፤ ፋብሪካ ፈሳሽ ዘይትን ወደ ማርጋሪን እንደሚያረጋው ማለት ነው። ከገባው ኦሜጋ 3 ውስጥ ከ10 እጅ 9ኙ ገደማ እዚያው ጨጓራ ውስጥ መልኩን ይቀይራል። አምልጦ ወደ አንጀት የሚያልፈው ጥቂቱ ነው። የበሬ ጮማ፣ ሣርም በላ በቆሎ፣ ሲቀዘቅዝ ድርቅ የሚለው ለዚህ ነው። የዓሣ ዘይት ፍሪጅ ውስጥም ይፈሳል።

ያመለጠው ጥቂት ግን ልዩነት ይፈጥራል። በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ልኬቶች ተሰባስበው ሲታዩ፣ በሣር ባደገ ሥጋ ውስጥ ኦሜጋ 6 ከኦሜጋ 3 ጋር ያለው ንጽጽር በአማካይ 1.5 ለ1 አካባቢ ነው። በእህል በደለበው ከ7 ለ1 ያልፋል። ማስታወቂያ የሚወደው ይህን ቁጥር ነው፤ የኦሜጋ 6 ድርሻ ሲያንስ ይሻላል ባይ ነውና። «5 እጥፍ የተሻለ!»

እዚህ ላይ ቆም ማለት ጥሩ ነው። «ኪሴ ውስጥ ያለው ገንዘብ 5 እጥፍ ሆነ» ብላችሁ ብነግራችሁ እንኳን ደስ አለህ ትሉኛላችሁ። ከ1 ብር ወደ 5 ብር መሆኑን ስታውቁ ምን እንደምትሉኝ ለእናንተ ትቼዋለሁ። ንጽጽሩ ሲነገረን መጠኑንም መጠየቅ አለብን።

መጠኑ እንዲህ ነው። 100 ግራም በሣር ያደገ ቀይ ሥጋ ውስጥ ያለው ኦሜጋ 3 ተደማምሮ ብዙ ጊዜ ከ0.1 ግራም አይበልጥም። በእህል የደለበው የዚያን ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ይይዛል። ለአዋቂ ሰው በቀን የሚመከረው የአልፋ ሊኖሌኒክ መጠን ደግሞ ለወንድ 1.6 ግራም፣ ለሴት 1.1 ግራም ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ 1.6 ግራም ገደማ አለው። ያንኑ ከሥጋ ላግኝ ያለ ሰው፣ በሣር ካደገው በሬ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ መብላት አለበት። ያውም በየቀኑ። የፋሲካ ዕለት የሚሞክር አይጠፋም፣ በማግሥቱ ግን ይተወዋል።

«ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» እያልን ተልባን ስንንቅ ኖረናል። በኦሜጋ 3 ብትመዘን ግን ሙቀጫዋን ሳትሞላ አንድ የቅርጫ መደብ ታስከነዳለች። ይሄ ነገር ሁሌ ያስቀኛል። የተልባ ፍትፍት የምንበላው ሥጋ በሌለበት በጾሙ ወቅት ነው። በኦሜጋ 3 በኩል የጾሙ ገበታ ከፋሲካው ይበልጣል ማለት ነው።

ለሥጋውም ግን መፍረድ አለብኝ። ኦሜጋ 3 ሁለት መልክ አለው። ተልባ ላይ ያለው አጭሩ ነው። ከልብና ከአእምሮ ጋር ተያይዞ ስሙ በብዛት የሚነሳው ረጅሙ ነው፤ ኢፒኤ እና ዲኤችኤ ይሉታል። ሰውነታችን አጭሩን ወደ ረጅሙ ሲቀይር በጣም ይሰስታል፤ ከመቶው ጥቂቷን ብቻ ነው የሚለውጠው። በሬው ደግሞ የተወሰነውን ራሱ ቀይሮ ስለሚያስቀምጥ ሥጋው ላይ ረጅሙም በሚሊግራም ደረጃ ይገኛል። ተልባ ላይ የለም። እዚህ ላይ ሥጋው አንድ ነጥብ ይወስዳል። ይሁን እንጂ 100 ግራም ሳልመን ከረጅሙ ዓይነት ብቻ ከ1 ግራም በላይ አለው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ አንድን ምግብ «የኦሜጋ 3 ምንጭ» ለማለት በ100 ግራም ቢያንስ 0.3 ግራም አልፋ ሊኖሌኒክ ወይም 40 ሚሊግራም ኢፒኤ እና ዲኤችኤ ተደምረው እንዲኖሩት ይጠይቃል። በሣር ያደገ ቀይ ሥጋ ብዙውን ጊዜ እዚያ ሳይደርስ ይቀራል።

ከኦሜጋ 3 ቀጥሎ የሚወራው ሲኤልኤ የሚባለው የስብ ዓይነት ነው። ይሄ የሚፈጠረው እነዚያው ባክቴሪያዎች ስቡን ሲያረጉ ሥራውን በመንገድ ላይ ሲያቋርጡት ነው። በሣር ባደገ በሬ ላይ 2 ወይም 3 እጥፍ ይሆናል። አይጦች ላይ በተሠሩ ሙከራዎች ካንሰርን የመግታት ምልክት ስላሳየ ዝናው ገነነ። ሙከራው ላይ የተሰጠው መጠን ግን ከሥጋ ከሚገኘው እጅግ የበዛ ነበር። ሰው ላይ ያ ተስፋ በቅጡ አልታየም። እዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም።

ቢጫው ጮማ ግን ቆም ብለው ቢያወሩለት ያምርበታል። እኔ የምገዛበት ሥጋ ቤት አንድ ቀን ሁለት ሥጋ ተሰቅሎ አየሁ። የአንዱ ጮማ ነጭ፣ የሌላው ቢጫ። ከጎኔ የቆመ ሰው «ያንን ቢጫውን አልፈልግም፣ ያረጀ ነው» አለ። ሥጋ ቆራጩም አልተከራከረም። ሰውዬው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ ከብት ሲያረጅ ጮማው ቢጫ ይላል። ዘሩም የራሱ ድርሻ አለው። ዋናው ማቅለሚያ ግን ቤታ ካሮቲን ነው፣ ካሮትን ብርቱካናማ ያደረገው ያው ነገር። አረንጓዴ ሣር ውስጥ ሞልቷል፣ በቅጠሉ አረንጓዴ ተሸፍኖ አይታይም እንጂ። በሬው ሲበላው ስቡ ላይ ይከማቻል። እህል ላይ በጣም ትንሽ ስለሆነ በእህል የደለበ በሬ ጮማው ይነጣል። ቅቤም እንደዚሁ ነው። ላሟ አረንጓዴ በጠገበችበት ወቅት የሚናጠው ቅቤ ቢጫ ይላል፤ በበጋ ጭድ ስትበላ ይነጣል። ይህን ቅቤ የሚያነጥሩ እናቶች ሁሉ ያውቁታል፣ ካሮቲን ብለው አይጥሩት እንጂ።

ከካሮቲን ጋር ቫይታሚን ኢ ይመጣል። በሣር ባደገ ሥጋ ላይ ብዙ ጊዜ 2 ወይም 3 እጥፍ ሆኖ ይገኛል። ለሚበላው ሰው የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ነው፤ በ100 ግራም ውስጥ ግማሽ ሚሊግራም እንኳ ብዙ ጊዜ አይሞላም፣ በቀን የሚፈለገው ደግሞ 15 ሚሊግራም ነው። ለሥጋው ራሱ ግን ይጠቅመዋል። ስቡ ቶሎ እንዳይበላሽ፣ ቀለሙም ቶሎ እንዳይጠቁር ያደርጋል።

እስካሁን ያወራነው ሁሉ ስብ ላይ ያለ ነገር መሆኑን ልብ በሉልኝ። ቀዩ ሥጋ ላይስ? እዚያ ላይ ልዩነት መፈለግ ድካም ነው። ፕሮቲኑ ያው ነው፤ 100 ግራም ጥሬ ቀይ ሥጋ 20 ግራም ገደማ አለው። ብረቱ፣ ዚንኩ፣ ቢ12 ቫይታሚኑ ተመሳሳይ ነው። ደም ማነስ ያለባትን ሴት ሐኪም ሥጋ ብዪ ሲላት፣ በሬው በቆሎ ይብላ ሣር ይብላ ብረቱን ታገኘዋለች። ቢ12 የሚሠሩት የጨጓራው ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ለዚህ ደግሞ ሣሩም እህሉም ይሆናቸዋል።

አሁን ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር። በእህል የደለበ ሥጋ ስቡ ሁሉ መጥፎ አይደለም። በሬ በቆሎ ሲጠግብ በጡንቻው መሀል ነጭ የስብ ክር ይሠራል። አሜሪካኖች ሥጋቸውን ፕራይም፣ ቾይስ፣ ሴሌክት እያሉ ደረጃ የሚያወጡት በዋናነት ይህን ክር አይተው ነው። በዚያ ስብ ውስጥ የኦሌይክ አሲድ ድርሻ ከፍ ይላል። ኦሌይክ አሲድ የወይራ ዘይትን ያስወደደው ያ የተመሰገነው ስብ ነው። በሣር ያደገው በሬ ስብ ደግሞ ስቴሪክ አሲድ ይበዛበታል፤ እሱ የሚረጋ ስብ ቢሆንም ኮሌስትሮልን ከፍ የማያደርግ ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ደግ ጎን አላቸው። ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ከስቡ ብዛት ነው፤ በሣር ያደገው ቀጠን ያለ፣ ካሎሪውም ያነሰ ነው።

ለአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ልነግራት የሚገባኝ ይሄን ነበር። የተፈጨ ሥጋ እሽግ ላይ 80 በ20፣ 85 በ15፣ 93 በ7 የሚል ቁጥር አለ። ሁለተኛው ቁጥር የስቡ ድርሻ ነው። 80 በ20 የሆነው በ100 ግራም 20 ግራም ስብ አለው፤ ከዚያ ውስጥ ሐኪሞች ሳቹሬትድ የሚሉት፣ የሚረጋው ስብ፣ 7 ግራም ከፍ ይላል። 93 በ7 የሆነው የሚረጋ ስቡ 3 ግራም አካባቢ ነው። ሣርና በቆሎ የሚያመጡት የጤና ልዩነት ከዚህ ቁጥር ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። 93 በ7 የሆነ በእህል የደለበ ሥጋ፣ 80 በ20 ከሆነ በሣር ያደገ ሥጋ የቀለለ ነው።

ወደ እኛ አገር እንምጣ። እዚህ ነገሩ ይወሳሰባል፣ ለኔ ደግሞ ይጣፍጣል። ኢትዮጵያ ከ60 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት አላት፣ ከአፍሪካ ቀዳሚዋ ናት። ሰው «የኛማ ሁሉም በሣር ያደገ ነው» ሲል እሰማለሁ። እህል የበላ እምብዛም አለመሆኑ እውነት ነው። ለሰው ያልተረፈ በቆሎ ለበሬ ከየት ይመጣል? ሆኖም የኛ በሬ በበጋ የሚበላው በአብዛኛው ጭድ ነው። የጤፍ ጭድ፣ የስንዴ ገለባ፣ የማሽላ አገዳ። አረንጓዴው ሲደርቅና ፀሐይ ሲመታው ካሮቲኑ ይጠፋል፣ ኦሜጋ 3 የያዘው ስብም ይመነምናል። ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ ከዚያ ስብ እምብዛም የለውም። ስለዚህ በጥቅምት የታረደ የመስክ ከብትና በመጋቢት የታረደ የጭድ ከብት፣ ሁለቱም «በሣር ያደጉ» ቢባሉም ጮማቸው አንድ አይሆንም።

ለገበያ የሚደልበው ሰንጋ ደግሞ ሌላ ነው። ፉርሽካ ይጨመርለታል፣ ሞላሰስ፣ አተላ፣ ከሁሉ በላይ ፋጉሎ። የፋጉሎ ነገር ከዚህ ጽሑፍ ጋር በደንብ ይገናኛል። ፋጉሎ ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው ነው፤ በመጭመቂያ ብቻ የወጣ ከሆነ ግን ትንሽ ዘይት ይዞ ይቀራል። ያ ዘይት የኑግ ከሆነ ከመቶ 70 ያህሉ ሊኖሌይክ አሲድ፣ ማለትም ኦሜጋ 6 ነው። ልክ እንደ በቆሎው ወገን። የተልባ ፋጉሎ ከሆነ ደግሞ ከግማሽ በላዩ ኦሜጋ 3 ነው። ሁለቱም ፋጉሎ ተብለው ይሸጣሉ። ፈረንሳይ ውስጥ ብለ ብላን ከር የሚባል ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ይህንኑ ነገር ሥራዬ ብሎ ይዞታል። ለከብት፣ ለአሳማ፣ ለዶሮ መኖ ላይ ተልባ እያስጨመረ ሥጋውን፣ ወተቱንና እንቁላሉን በኦሜጋ 3 ያሻሽላል። እኛ ተልባውም ፋጉሎውም ቤታችን ነበር።

የሐረር ሰንጋ ብዙ ሰው ስሙን እየጠራ የሚበላው ነው። የሐረርጌ ገበሬ በሬውን በረት ደጃፍ አስሮ በእጁ ያበላዋል። ማሽላውን አጥብቆ ይዘራል፤ ሲበቅል የበዛውን እየነቀለ ለበሬው ያቀርባል። የበቆሎና የማሽላ ቅጠል፣ ለጋ አገዳ። በሬው አይዞርም፣ አይደክምም፣ በእጅ እየጎረሰ ይፋፋል። በአሜሪካው መዝገብ ይሄ የት ይገባል? መስክ አልወጣም፤ እህልም አልበላም። የበላው አረንጓዴ ቅጠል ነው። የሱፐርማርኬቱ መለያ ለእንዲህ ያለው በሬ ስም የለውም።

አሁን ደግሞ ወደ ሳህኑ። ክትፎ የሚከተፈው ከቀይ ሥጋ ነው። ጥሩ ክትፎ ከታፊ ጅማቱንም ጮማውንም አንድ በአንድ ታወጣለች። እንግዲህ የሣርና የእህል ልዩነት ያለው ጮማው ላይ ከሆነ፣ እሷ በቢላዋ አውጥታ ጣለችው ማለት ነው። የቀረው ቀይ ሥጋ ከየትም በሬ ቢመጣ ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነው። ከዚያ ምን ታደርጋለች? ንጥር ቅቤ ታፈስበታለች። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 8 ወይም 9 ግራም የሚረጋ ስብ አለው፤ 100 ግራም ቀይ ሥጋ ግን 1 ወይም 2 ግራም ነው። የክትፎውን ስብ የሚወስነው ቅቤው ነው። ክትፎ ወዳጅ ሆኖ የሣር ነገር የሚያሳስበው ሰው ካለ፣ መጠየቅ ያለበት ቅቤዋን የሰጠችው ላም ምን እንደበላች ነው። ካሮቲኑም፣ ሲኤልኤውም፣ ያቺ ያመለጠችው ኦሜጋ 3ም ያሉት ቅቤው ውስጥ ነው። ጮማ ያለበት ጥብስና ቁርጥ ሲሆን ግን የበሬው መኖ ትርጉም ይኖረዋል።

ቁርጥ ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልበል። በሣር ያደገ ማለት ከኮሶ ትል የጸዳ ማለት እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም በሬ የትሉን እንቁላል የሚያገኘው የሰው ዓይነ ምድር የነካው ሣር ሲግጥ ነው። መስክ የወጣ ከብት ለዚህ ይበልጥ ይጋለጣል። ትሉን የሚገድለው በደንብ ማብሰል ነው። ቁርጥ ወዳጆች ይህን አንብባችሁ እንደማትሰሙኝ አውቃለሁ።

ሥጋው ሰው ላይ ምን ለውጥ አመጣ? እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ የሰሜን አየርላንድ ጥናት ጤነኛ ሰዎችን ለ4 ሳምንት በሳምንት 3 ጊዜ ሥጋ አበላ። ግማሾቹ በሣር ካደገ ከብትና በግ፣ ግማሾቹ በእህል ከደለበ። ሣር ከበላው የተመገቡት ሰዎች ደም ውስጥ ኦሜጋ 3 ጨመረ። ኮሌስትሮላቸውና የደም ግፊታቸው ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ልዩነቱ ደም ውስጥ ድረስ መግባቱ እውነት ነው፤ ልብን ስለማዳኑ ግን ከዚህ ተነስቶ ማውራት አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል እ.ኤ.አ. በ2015 ቀይ ሥጋን፣ ማለትም የበሬና የበግ ዓይነቱን ሥጋ ከነጮማው፣ «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚላቸው ተርታ ሲመድብ ሣርና እህል ብሎ አልለየም። የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ ቀይ ሥጋ የሚበላ ሰው በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም የበሰለ ሥጋ እንዳያልፍ ይመክራል። ውዱን ገዛሁ ተብሎ የሚመረቅ ተጨማሪ ግራም የለም።

ውጭ አገር ላላችሁ፣ መለያውን በጥንቃቄ አንብቡት። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ለ«በሣር ያደገ» ያወጣውን የገበያ መስፈርት እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ሰርዞታል። አሁን አምራቹ ማስረጃ አቅርቦ መለያውን ያስጸድቃል። «በሣር የጨረሰ» የሚል ቃል ካለበት ይሻላል፣ የመጨረሻዎቹን ወራት ይነግራችኋልና። በእህል 2 ወይም 3 ወር ከቆየ የሣሩ ጥቅም አብዛኛው ይጠፋል። «ኦርጋኒክ» የሚለው ስለ ሣር የሚናገረው ትንሽ ነው፤ ኦርጋኒክ በቆሎ የጠገበ በሬም ኦርጋኒክ ነው። «አንጉስ» የሚለው የዘር ስም ነው፣ ምን እንደበላ አይገልጽም። ሆርሞንና አንቲባዮቲክም ለየብቻ ይጻፋሉ። ስለ እንስሳው አኗኗር ተጨንቆ፣ ወይም ጣዕሙን ወዶ በሣር ያደገውን ለሚገዛ ሰው ምንም ተቃውሞ የለኝም። እኔ ራሴ ጣዕሙን እወደዋለሁ። ጠንከር ያለ፣ መስክ መስክ የሚል ነው። ግን ስብ ስለሚያንሰው ቶሎ ይደርቃል። ለጥብስ ከሆነ እሳቱን ቀንሱለት፣ ቶሎም አውጡት። ጠንካራውን ብልት ለወጥ አድርጉት።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ በድምፅ ላክሁላት፣ 11 ደቂቃ ፈጀ። ሰምታ እንደጨረሰች የእሽጎቹን ቁጥር ጻፈችልኝ። ሣር የበላው 85 በ15፣ ሌላው 80 በ20 ነበር። መደርደሪያው ላይ 93 በ7 የሆነ ተራ ሥጋ አግኝታ እሱን ወሰደች። ከዚያ «ተልባውንስ እንዴት ነው የምበላው?» አለችኝ።

ቆላ አድርገሽ ፍጪው፣ አልኳት። ሳይፈጭ ከዋጥሽው እንዳለ ገብቶ እንዳለ ይወጣል። የተፈጨው ደግሞ ሲቆይ ዘይቱ ይበላሻል፤ ለሳምንት የሚበቃሽን ብቻ ፈጭተሽ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው።